ታናሽ ወንድሜ ለሳጥን 4,700 ብር ከፈለ። ጥፋቱ የማን ነው?

ሰላም_ዘ22

ሰላም ቤተሰብ። ልጻፍ አልጻፍ ስል ሦስት ቀን ቆየሁ። ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ 13 ዓመቱ ነው፣ 7ኛ ክፍል። ረጋ ያለ ልጅ ነው። ከእማዬ ቦርሳ አምስት ብር አንስቶ አያውቅም።

ቅዳሜ አስቤዛ ልገዛ ወጥቼ ስልኬ ላይ ያለው ብር አልበቃ አለኝ። ምን ሆነ ብዬ የተላከውን ዝርዝር ከፈትኩ። 60 ብር፣ 60 ብር፣ 120 ብር፣ እንደገና 60 ብር። ሁሉም ለአንድ ለማላውቀው ሰው። ደመርኩት። በሦስት ሳምንት 4,700 ብር።

ፒኔን ያውቃል። ካርድ ሙላልኝ እያልኩ የነገርኩት ራሴ ነኝ። ሰውዬው ቴሌግራም ላይ የጌም ኮይን የሚሸጥ ሰው ሆኖ ተገኘ።

ማሙሽን ሳፋጥጠው አልዋሸኝም። «ሰሊ፣ 60 ብር እኮ ነው» አለኝ። ከልቡ ነው። 4,700 መድረሱን ስነግረው ከእኔ በላይ ደነገጠ። ምን ገዛህ ስለው ከፍቶ አሳየኝ። ሳጥን ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ያበራል፣ ይፈነዳል፣ ከውስጡ ሰማያዊ ጃኬት ይወጣል። ያንን ጃኬት አራት ጊዜ አግኝቶታል። እሱ የሚፈልገው ወርቃማ ክንፍ ነው። «ሊወጣ ደርሷል» አለኝ። ይሄን ቃል ቤቲንግ ቤት በር ላይ ከሚቆሙ ትልልቅ ሰዎች ነው የምሰማው። ከ13 ዓመት ልጅ አፍ ስሰማው አንዳች ነገር ወረረኝ።

የጌሙን ስም ልተወው። ጥያቄዬ ይሄ ነው። ጥፋቱ የእሱ ነው? ፒን የሰጠሁት የእኔ ነው? ወይስ ሳጥኑን የሠሩት ሰዎች?

ፍቅር_ቡና

4,700!! ኧረ የወር አስቤዛ ነው እኮ እህቴ 😭

ባለ_ጆይስቲክ

እህቴ፣ እኔ ገርጂ ትንሽ ፕሌይስቴሽን ቤት አለችኝ። ከዚያ በፊት ጆተኒ ነበረኝ። ልጅ ሲጫወት ሳይ 15 ዓመቴ ነው። እኔን ጭምር የሚረግሙኝ ወላጆች አሉ፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ጋ አንድ ጌም 20 ብር ነው። የተሸነፈ ይከፍላል። ልጁ 20 ብሯን ከኪሱ ሲያወጣ ያያታል። ታሳሳዋለች። ሁለተኛ ይከፍላል፣ ሦስተኛ ላይ «በቃ አለቀብኝ» ብሎ ዳር ቆሞ የሌላውን ያያል። ኳሱ 90 ደቂቃ ሲል ያልቃል፣ ማን እንደረታ ይታወቃል፣ ይሰዳደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ።

ስልክ ላይ ያለው ግን አያልቅም። ማለቂያ የሌለው ነገር ላይ ልጅ «በቃኝ» ይበል ማለት ከባድ ነው። እኔም አንድ ሰሞን ይዞኝ ነበር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቼ ሰብል አጭድ ነበር። ሚስቴ ሌላ ሴት ይዟል ብላ ነበር።

ኮደር_ከሲያትል

ባለ ጆይስቲክ፣ ሰብሉ ላይ እመጣለሁ 😀

ሰላም፣ ስለዚህ ጉዳይ ከውስጥ ትንሽ አውቃለሁ። አሜሪካ ነው የምኖረው። አራት ዓመት የሞባይል ጌም የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ኮድ ጽፌያለሁ። ስሙን አልጠራም። ረጅም ስለሚሆን ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ኮይኑ። ለምን በቀጥታ በብር አይሸጡም? ብር ከሆነ ታስቢያለሽ። ኮይን ሲሆን ግን መጀመሪያ ሒሳብ መሥራት አለብሽ፣ ደስ ብሎት ሲጫወት ሒሳብ የሚሠራ ሰው የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳጥኑ 180 ኮይን ነው እንበል። ኮይን የሚሸጠው ግን በ100፣ በ500 እና በ1,200 ብቻ ነው። 500 ገዝተሽ ሁለት ሳጥን ስትከፍቺ 140 ይተርፍሻል። ለምንም አይበቃም፣ እንዳትተዪው ደግሞ ያንገበግባል። ባለሱቅ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በመልስ ፈንታ ማስቲካ ሲሰጥሽ ታውቂያለሽ? እሱ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ባለሱቅ ዝርዝር እንዳይኖረው አስቦበት ነው ሱቁን የከፈተው። ማይክሮሶፍት ድሮ በኤክስቦክስ ሱቁ 80 ነጥብን በአንድ ዶላር ይሸጥ ነበር። 100 ቢሆን ማንም ልጅ በቃሉ ያሰላዋል። በ2013 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ትቶት ወደ ተራ ገንዘብ ተመለሰ።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። የባለ ጆይስቲክ ሰብል። በ2009 ፌስቡክ ላይ ፋርምቪል የሚባል የእርሻ ጌም ወጥቶ ነበር፣ የሠራው ዚንጋ ነው። ትዘራለህ፣ ከተወሰነ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ታጭዳለህ። ካልመጣህ ይጠወልጋል። እኛ ለሰው ቀጠሮ አንድ ሰዓት የምናረፍድ ሕዝቦች ለሌለ እንጆሪ በደቂቃው እንገኝ ነበር። ካንዲ ክራሽ ደግሞ ገልብጦ ሠራው። አምስት ነፍስ ይሰጥሃል፣ አንዷ ስትጠፋ ለመመለስ 30 ደቂቃ ትጠብቃለህ። አትጫወት አይልህም። ልክ ሲሞቅህ ያስቆምህና «ትጠብቃለህ ወይስ ትከፍላለህ?» ይልሃል።

ሦስተኛው የማሙሽ ሳጥን። ስኪነር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በርግብ ላይ ብዙ ሙከራ አድርጓል። ርግቧ አንድ ቁልፍ ስትነካ እህል ይወርድላታል። ሁሌ ከወረደላት ሲርባት ብቻ ትነካለች። ጨርሶ ከቀረ ትተወዋለች። አንዳንዴ ብቻ፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ ሲወርድላት ግን መንካቱን አታቆምም። ማሙሽን «ሊወጣ ደርሷል» ያሰኘው ይሄ ነው። ልጁ ሞኝ ስለሆነ አይደለም።

ስለሚሽከረከረው ዕጣም ልንገራችሁ። ጎማው ሲዞር፣ ሲዞር፣ ወርቃማው ክንፍ አጠገብ መጥቶ ለጥቂት ያልፈዋል አይደል? ውጤቱ ቁልፉን በነካህበት ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ ተወስኗል። መዞሩ ትርዒት ነው። «ለጥቂት» የሚባል ነገር የለም። ለጥቂት የሚመስለው እንዲመስል ስለተሳለ ነው።

በስብሰባችን «ልጆቹን እንዝረፍ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። የሚባለው «ሦስተኛው ቀን ላይ የሚጠፉ ተጫዋቾች በዝተዋል» ነው። ከዚያ ሁለት ዓይነት ገጽ ይሠራል። ለግማሹ ተጫዋች አንዱ፣ ለግማሹ ሌላው ይታያል። የበለጠ ብር ያመጣው ይቀራል። «ግዛ» የሚለው አረንጓዴና ትልቅ፣ «አይ፣ ይቅርብኝ» የሚለው ግራጫና ትንሽ የሆነው እንዲህ ነው። ማንም ክፉ ሰው አልፈለሰፈውም። ቁጥሩ መረጠው። ሥራውን የተውኩትም ለዚህ ነው ብል ውሸት ነው፣ የተሻለ ደሞዝ አግኝቼ ነው። አሁን ሳስበው ግን ይከብደኛል።

አይነኬ_07

ይቅርታ፣ ሁላችሁም ሙሾ አወረዳችሁ። እኔ ፐብጂ ከወጣ ጀምሮ እጫወታለሁ። ለስኪን (ለጌሙ ሰውዬ ልብስና ጌጥ) ከፍያለሁ፣ አልጸጸትም። ጓደኞቼ አርብ ማታ ለቢራ የሚያወጡትን እኔ ለጌም አወጣለሁ። ማንም ሽጉጥ አልደገነብኝም። ጌሙን በነፃ ነው የሚሰጡህ፣ ሠራተኛ አላቸው፣ ሰርቨር አላቸው፣ ከየት ይብሉ?

ለሰላም፣ አትቀየሚኝ። ለ13 ዓመት ልጅ ፒን መስጠት የአንቺ ጥፋት ነው። ቦርሳሽን ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ትተሽ ነው የሄድሽው።

ሰላም_ዘ22

አልቀየምህም፣ ፒኑ ላይ ልክ ነህ። ቀይሬዋለሁ። ግን አንተ ቢራህን ስትጠጣ ዋጋውን ታውቃለህ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ቢራ እንዳለም ታውቃለህ። ማሙሽ ምን እንደሚገዛ አያውቅም ነበር።

ባለ_ጆይስቲክ

እሱ ነው። ቢራ ገዝተህ አምስቱ ጠርሙስ ውኃ፣ አንዱ ቢራ ቢሆን አስተናጋጁን ትደበድበዋለህ 😂

ኮደር_ከሲያትል

አይነኬ፣ «ነፃ» ያልከውን ላንሳ። አብዛኛው ተጫዋች ሳንቲም አይከፍልም፣ እውነት ነው። ገቢው የሚመጣው ከጥቂቶች ነው። በዘርፉ ቋንቋ ብዙ የሚከፍለው ሰው «ዓሣ ነባሪ» ይባላል። ተጫዋች አይባልም፣ ደንበኛ አይባልም፣ የሚታደን እንስሳ ስም ነው የወጣለት። በነፃ የምንጫወተው ደግሞ ነባሪው ስኪኑን የሚያሳየው ሰው እንዳያጣ ነው። አባቶች በጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ይላሉ። የነፃ ጌም ቅኝትም እንደዚያው ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። አክቲቪዥን የሚባለው ጌም ሠሪ ድርጅት በ2017 የተሰጠው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ጀማሪውን አንድ መሣሪያ ከገዛ ጎበዝ ተጫዋች ጋር አጋጥመው፣ ይመታው፣ ከዚያ ያንን መሣሪያ ይመኛል። ድርጅቱ በየትኛውም ጌም ላይ አላዋልነውም ብሏል፣ ይሁን። እኔን የገረመኝ ሰው ቁጭ ብሎ ይህን በወረቀት ማስፈሩ ነው።

ብራስልስ_ነኝ

ቤልጅየም ነው የምኖረው። እዚህ ይሄ ክርክር በሕግ ተነስቷል፣ መጨረሻው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም።

ነገሩን ያፈነዳው እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የወጣው የስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ጌም ነው። ሰዉ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ገዝቶ፣ ዳርዝ ቬደር የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ለመክፈት 60,000 ክሬዲት (የጌሙ ገንዘብ) ተባለ። ያንን በጨዋታ ለማግኘት ተጫዋቾች 40 ሰዓት ገደማ ገመቱ። የጌሙ አሳታሚ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ሰዎች ሬዲት የሚባለው የውይይት ገጽ ላይ ወጥተው፣ ይሄን ያደረግነው ተጫዋቹ በልፋቱ እንዲኮራ ነው አሉ። ያ መልስ ከ6 መቶ ሺህ በላይ የተቃውሞ ድምፅ ወርዶበት በጊነስ መዝገብ ገባ። ዋጋውን ቀነሱ፣ ቀጥሎም በገንዘብ የሚገዛውን ነገር ጌሙ በይፋ ሊወጣ ሲል አቆሙት።

በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. የቤልጅየም ቁማር ኮሚሽን መረመረና የኳሱ ጌም የፊፋ 18፣ የኦቨርዋች እና የካውንተር ስትራይክ ሳጥኖች በሕጋችን ቁማር ናቸው አለ። ክርክሩ ቀላል ነበር፦ ገንዘብ ታስይዛለህ፣ ውጤቱ ዕድል ነው፣ ታገኛለህ ወይም ታጣለህ። ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ ለፊፋ ሳጥን መክፈቻ ነጥብ መግዛት ቀረ። ዲያብሎ ኢሞርታል የሚባለው ጌም በ2022 ሲወጣ እኛ ጋ እና ኔዘርላንድ ጭራሹን አልመጣም።

ኔዘርላንድ ግን ሌላ ሆነ። ተቆጣጣሪው ኤሌክትሮኒክ አርትስን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፣ በመጋቢት 2022 ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሻረው። ሳጥኑ ለብቻው የቆመ ጨዋታ ሳይሆን የኳሱ ጌም አካል ነው፣ ስለዚህ የቁማር ፈቃድ አያስፈልገውም አለ። እዚህ ቤልጅየምም ቢሆን ሕጉ አለ እንጂ የስልክ ጌሞቹ ሳጥን መሸጥ አቁመዋል ማለት አይደለም። የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ዛሬም ይፈነዳል።

ለእኔ ከሳጥኑ ይልቅ የሚያስቆጣው የቁልፉ ነገር ነው። በታህሳስ 2022 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከፎርትናይት ባለቤት ከኤፒክ ጌምስ ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። 275ቱ የልጆችን ግላዊ መረጃ በመጣስ ቅጣት ነው። 245ቱ ለተጫዋቾች የሚመለስ ነው። ኮሚሽኑ የከሰሰው እንዲህ ብሎ ነው። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ግዢ ይፈጸማል። ጌሙ እየተከፈተ እያለ፣ ወይም ያሸለበውን ስክሪን ልትቀሰቅስ ብለህ ብትነካ ተከፍሏል። አልገዛሁም ብለህ ባንክህ ጋ ብትከራከር አካውንትህ ይዘጋል፣ ከዚህ በፊት የገዛኸውም አብሮ ይሄዳል። አይነኬ፣ ይሄኛው ላይ ሽጉጥ አልተደገነም፣ ቀስቅሴው ግን በር መክፈቻ ላይ ነው የተገጠመው።

ዱባይ_ያለሁ

እኔ ብዙ አልጽፍም። ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማሳድገው ልጅ 6 ዓመቱ ነው። በአይፓድ ይጫወታል፣ የአባቱ ካርድ እዚያው ላይ ተመዝግቧል። አንድ ወር ካርዱ ላይ ብዙ ድርሃም ጠፋ። መጀመሪያ የተጠየቅኩት እኔ ነኝ። ሻንጣዬ ተፈተሸ። ሁለት ቀን እህል በአፌ አልዞረም።

በሦስተኛው ቀን ማዳም ልጁን አቅፋ ሳለች ድመቷን ሲነካ አየችው። ጌሙ ውስጥ ድመት አለች፣ እንባ በዓይኗ ሞልቶ «ራበኝ» ትላለች። ልጁ አዝኖላት ነው። ዓሣ ይገዛላታል። አንዱ ዓሣ ስንት እንደሆነ አያውቅም፣ ቁጥር እንኳ በደንብ አይቆጥርም።

ይቅርታ ጠይቀውኛል። ግን ያቺን ድመት ያስለቀሳት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ፍቅር_ቡና

እህቴ 💔 አይዞሽ።

አይነኬ_07

ይሄ ያማል። የ6 ዓመት ልጅ ላይ ክርክር የለኝም። የእኔ ሐሳብ ስለ አዋቂ ነው።

ጋቻ_ተማሪ

ስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ፣ ገንሺን ኢምፓክትም እጫወታለሁ። ሳንቲም አልከፈልኩም። ሒሳቡን ላሳያችሁ፣ አዋቂም ቢሆን በጭንቅላቱ አያወጣውም።

በዋናው ዕጣ ባለ 5 ኮከብ ገጸ ባሕርይ በአንድ ሙከራ የመውጣት ዕድሉ 0.6 በመቶ ነው። እስከ 90ኛው ካልወጣ 90ኛው ላይ የግድ ይሰጥሃል። አንድ ሙከራ 160 ፕሪሞጀም (የጌሙ ገንዘብ) ነው፣ 90ው 14,400 ማለት ነው። የወጣልህ ግን አንተ የምትፈልገው ላይሆን ይችላል። ያኔ ከዜሮ ትጀምራለህ፣ ሁለተኛው ላይ ነው የፈለግከው የሚረጋገጥልህ። ክፉ ቀን ከገጠመህ 180 ሙከራ። ያውም ይሄኛው ጌም ቁጥሩን ይጽፋል። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ያው የአሜሪካ ኮሚሽን የጌሙን አሳታሚ 20 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎ፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሳጥን እንዳይሸጥ አድርጓል። አንዱ ክሱ የገንዘቡ ቅያሬ እያደናገረ እውነተኛውን ዋጋ ይሸፍናል የሚል ነው። ኮደር ስለ ማስቲካው ያለው ማለት ነው።

ጃፓን ደግሞ የዚህን የዕጣ ሽያጭ አንዱን ዓይነት በ2012 አስቁማለች፣ «ኮምፑ ጋቻ» ይባል ነበር። አሥር ካርድ ሙሉ በሙሉ ስትሰበስብ ትልቁ ሽልማት ይሰጥሃል። ልጅ ሆነን የኳስ ተጫዋች ፎቶ ስንሰበስብ አንዷ ብቻ አልወጣ ስትል ታስታውሳላችሁ? አሥሩ እኩል ዕድል ቢኖራቸው እንኳ ሁሉንም ለማግኘት በአማካይ 29 ጊዜ ገደማ መሞከር አለብህ። ከዚያ ውስጥ አሥሩ ለመጨረሻዋ ለአንዷ ብቻ ነው። ዘጠኝ ይዘህ «አንድ ቀረኝ» ስትል ከመንገዱ ገና ሲሶው ይቀርሃል። ተንኮሉ «አንድ ቀረኝ» የሚለው ስሜት ላይ ነው።

ማሙሽ ክንፉ የመውጣት ዕድሉ ስንት እንደሆነ ጌሙ ላይ ፈልጊለት። ሳጥኑ አጠገብ ትንሽ የጥያቄ ምልክት ትኖራለች፣ እሷን ተጫኚ።

ሰላም_ዘ22

አገኘነው። ሦስት ገጽ ወደ ታች ሄደን። 0.4 በመቶ።

ማሙሽ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲህ ከ100 ሳጥን አራት ነው?» አለኝ። አይደለም፣ ከ1,000 አራት ነው አልኩት። ወረቀት አምጥቶ በብር አሰላው። አንድ ክንፍ በአማካይ 250 ሳጥን። በእሱ ኮይን ዋጋ ከ10 ሺህ ብር በላይ መጣ። ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ለጓደኞቹ ሊያሳይ ነው መሰለኝ።

ሰውዬው ጋ ደውዬ ነበር። ብር መመለስ የለም አለኝ።

ኮደር_ከሲያትል

አይመልስም። በቀጥታ በጉግል ወይም በአፕል ሱቅ ብትገዙ «ልጅ ነው የገዛው» ብሎ ማመልከቻ በር አለ። በመሐል ሻጭ ሲሆን ያ በር የለም፣ ባለጌሙም አያውቃችሁም። ማሙሽ የአካውንቱን ፓስዎርድ ሰጥቶት ከሆነ ግን ዛሬውኑ ቀይሩ።

ባለ_ጆይስቲክ

ያንን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አትሜ ግድግዳዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ልጆቹ ከእኔ ጋ ሲወጡ ስልካቸውን ነው የሚያወጡት።

አይነኬ_07

ደርሼ የራሴን ደመርኩ። ቁጥሩን አልናገርም። ብዙ ቢራ ነው።

ሰላም_ዘ22

የመጨረሻ ወሬ ላካፍላችሁ። ትናንት ማታ ቤተሰብ ሰብስቤ ስለ ጌም ንግግር አደረግኩ። ስለ ርግቧ፣ ስለ ማስቲካው፣ ሁሉን። ማሙሽ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እማዬ «እውነትሽን ነው ልጄ፣ ይሄ ሰይጣን ነው» እያለች ትነቀንቃለች።

መሐል ላይ ስልኳ ጠራ። አነሳችው፣ አየችው፣ መነጽሯን ፈለገች። «ቆዩኝ እስቲ አንዴ፣ አምስቱም ልቤ ሞልቶልኛል» ብላ ከረሜላዋን መደርደር ጀመረች። 1,300ኛው ደረጃ ላይ ናት።